ወተት ነው አሉኝ

ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው። ጅማ መርካቶ፣ የእህል ተራውን አልፎ ጨርቅ ከሚሸጥበት ወገን፣ በዳቦ ቤትና በጫት መሸጫ መሃል የተወሸቀች ጠባብ ሱቅ አለችኝ። የሰው ፊት መያዝ አይሆንልኝም። መንገድ ላይ ሰላም የምትለኝን ሴት ማን እንደሆነች ሳይገባኝ ሰላምታዋን እመልስና፣ አልፋኝ ስትሄድ ከኋላዋ አይቼ "አሃ፣ ይቺማ ግራ ትከሻዋ ዝቅ የሚለው ባለ አረንጓዴ ቀሚሷ ናት" እላለሁ። የማውቃቸውን ሴቶች ሁሉ የማውቃቸው በደረትና በወገብ ልካቸው ነው። ማን አረገዘች፣ ማን ወለደች፣ ማን ከባሏ ተኳርፋ ከሳች፣ ሜትሬ ከወሬ ቀድሞ ይነግረኛል። ታዲያ ቀኑን ሙሉ የሰው ደረት ስለካ የምውል ሴት፣ የራሴን ደረት፣ ልጅ ከማጥባት በቀር፣ ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም ነበር።

ነገሩ የጀመረው በአንዲት ሚዜ ቀሚስ ነው። የልጅቷ ልክ ከእኔ ጋር አንድ ስለሆነ፣ እሷን ደጋግሜ ከማመላልስ ብዬ ቀሚሱን ራሴ ለብሼ መስታወት ፊት ቆምኩ። የቀኙ ጎን ልክክ ብሏል። የግራው አልተኛም። ፈታሁና እንደገና ሰፋሁት። አሁንም አልተኛም። ጨርቁን ወቀስኩ፤ ከአዲስ አበባ መጣ ሲሉኝ ያን ጊዜውኑ መጠርጠር ነበረብኝ አልኩ። የስፌት መኪናዬን ወቀስኩ፤ እሷም ዝናብ በመጣ ቁጥር ክር መበጠስ ልማዷ ነው። ሚዜዋንም ወቀስኩ፣ ምንም ባታደርግ። በመጨረሻ ስፌቱን በመዳፌ ሳለሳልሰው ከጨርቁ ስር ሳይሆን ከቆዳዬ ስር፣ በግራ ጡቴ የጎን በኩል፣ ትንሽ ሎሚ የሚያህል ጠጠር ያለ ነገር እጄ ላይ መጣ። ሲነኩት እንደ ሳሙና ሸርተት ይላል። አያመኝም። ቀሚሱን አውልቄ ሰቀልኩትና ቁጭ ብዬ ስለ ምንም ነገር ላለማሰብ የልብስ ቁልፎቼን በየቀለማቸው መለየት ጀመርኩ።

ያኔ ልጄ ናታን ገና መዳህ ጀምሮ፣ ጡት እየጠባ፣ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ የሚልክበት ጊዜ ነው።

ለባለቤቴ ነገርኩት። ባለቤቴ ከጅማ ሸቤ የሚመላለስ ሚኒባስ ሾፌር ነው። አንገቱን በመስኮት አውጥቶ "ሸቤ፣ ሸቤ" ሲል ድምፁ ከመናኸሪያው እስከ አዌቱ ወንዝ ይሰማል። ግን አንዲት ቃል አለች፣ ከአፉ የማትወጣ። ከተጋባን ጀምሮ "ጡት" ሲል ሰምቼው አላውቅም። ልጁ ሲርበው "ምሳውን ስጪው" ይለኛል፤ ማታም ቢሆን ምሳ ነው። እንግዲህ ይህ ሰው በጣም ስለደነገጠ ወጥቶ ወደ ፋርማሲ ሄደ። የሆነውን በኋላ የነገረችኝ የፋርማሲዋ ልጅ ናት፣ ደንበኛዬ ስለሆነች።

"ለባለቤቴ ነው፤ ደረቷን…" አላት።

"ታስላለች?"

"አታስልም።"

"ያፍናታል?"

"አያፍናትም። ደረቷን ስል ደረቷን አይደለም። ከደረቷ ፊት ያለው።"

"ከደረቷ ፊት ምን አለ?"

ባለቤቴ አሰበ፣ አሰበና "ልጁ" አላት።

የሕፃን የሳል ሽሮፕ ይዞልኝ መጣ። ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ እንደ ትልቅ ገድል ወንበሩ ላይ ተደላደለ። እኔም ብሆን ከእሱ አልሻልም ነበር፤ ጤና ጣቢያ መሄድ ሲገባኝ መጀመሪያ የሄድኩት ወደ አከራያችን ቤት ነው።

የምንኖረው ጊንጆ ጉዱሩ ነው፣ በሃጂያ ግቢ ውስጥ። ሃጂያ ትልቁ ቤት ውስጥ ከልጃቸውና ከልጃቸው ሚስት ከነጃት ጋር ይኖራሉ፤ እኛ ከጓሮ ያለችውን ሰርቪስ ተከራይተናል። እኔ ከከምባታ ለቡና ለቀማ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ልጅ ነኝ፤ እናቴ ካረፈች ወዲህ ሃጂያ ለእኔ እንደ እናት ናቸው። ሲያስቡልኝ በኦሮምኛ "ኢንተላ ኮ" ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው። አሳየኋቸው። በሁለት ጣታቸው ነካ ነካ አደረጉና ፊታቸው በራ።

"ወተት ነው፣ ኢንተላ ኮ። ረግቶ ነው። ነይ ተቀመጪ።"

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለጠላቴም አልመኝም። ቅቤ ቀለጠ። ማበጠሪያ መጣ። ሃጂያ "ቢስሚላህ" ብለው እጅጌያቸውን ሰበሰቡና የቡና ጆንያ የሚያስሩ ያህል ጠምዝዘው አሹኝ። እጃቸው ገና ሴት ልጅ ሳሉ በሙቀጫ የጠነከረ እጅ ነው። ዓይኔ እንባ ሲያቀር "አየሽ፣ እየለቀቀ ነው" አሉኝ። የለቀቀው እንባዬ ብቻ ነበር። በሁለተኛው ቀን እንደገና አሹኝ። በሦስተኛው ቀን ጡቴ ሰማያዊና ቢጫ ሆኖ የአንድ ክለብ መለያ መሰለ፤ ያቺ ሎሚ ግን ከቦታዋ አልሄደችም።

ሌላዋ ጎረቤት የጎመን ቅጠል ሙቀት ይስባል አለችኝ። እሱንም አልናቅኩትም። ጥቅል ጎመን ገዝቼ ሰፊውን ቅጠል ከውስጥ ልብሴ ስር አስገብቼ ሱቅ ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ቅጠሉ መብሰል ጀመረ። አንዲት ደንበኛዬን ዝቅ ብዬ ወገቧን ስለካ ሽታው ደረሳትና፣ በትሕትና "ምሳሽን ሳትበዪ መጥቼብሽ ይሆን?" አለችኝ። "አይ፣ በልቻለሁ" ብዬ ቀና ስል ቅጠሉ በአንገቴ በኩል ብቅ አለ። ሁለታችንም አየነው። እሷ ጨዋ ሰው ስለሆነች ስለ ቀሚሱ እጅጌ ማውራቷን ቀጠለች።

ቤተ ክርስቲያን ለአንዲት የዝማሬ ጓደኛዬ በምስጢር ነግሬያት ነበር። ምስጢሩን ለጸሎት ክፍሉ ብቻ ነው የነገረችው። እሑድ መሪው ማይኩን ያዘና ዓይኑን ጨፍኖ፣ "ስሟን የማልጠቅሰው፣ ጨቅላ ልጅ ያላት፣ መርካቶ ልብስ የምትሰፋ አንዲት እህታችን በግራ በኩል ስላለባት ነገር እንጸልይ" አለ። ስሜን ስላልጠቀሰ አመሰግነዋለሁ። ጉባኤው ሲያበቃ ወንዶቹ ሁሉ ጣሪያውን፣ ሴቶቹ ሁሉ ግራ ጎኔን እያዩ ሰላም አሉኝ። በር ላይ እያንዳንዷ ሴት አንድ አክስት ነበራት። የአንዷ አክስት ልጇን ጡት ስታስጥል ጠፋላት። የሌላዋ አክስት ልጇን ጡት ስላስጣለች ባሰባት። የሁሉም አክስቶች በአንድ ነገር ተስማምተዋል፤ ወተት ነው። ጸልየውልኝ ሲጨርሱ ግን አንዲት ሽማግሌ እናት ወደ ጥግ ጎትተው "ጸልየናል፤ ነገ ጠዋት ደግሞ ጤና ጣቢያ ሂጂ" አሉኝ። ቀኑን ሙሉ ከሰማሁት ሁሉ ይህ አንዱ ሥራ ሠራ።

ሰኞ ባለቤቴ መኪናውን ለሌላ ሰጥቶ ናታንን አቅፎ አብሮኝ ሄደ። ነርሷ ወጣት ናት፣ ቆፍጣና። ገና ልብሴን ከፍ ሳደርግ ያንን ሰማያዊና ቢጫ አየች። ቀስ ብላ ዓይኗን ከእኔ ላይ አንሥታ ባለቤቴ ላይ አሳረፈች።

"ምን ሆና ነው?" አለችው።

ይህ ሰው ከእኔ ጋር ጮክ ብሎ ተነጋግሮ አያውቅም። ግን ራሱን ለመከላከል መጥራት ያለበት ቃል ያቺው ቃል ሆነችበት። ላብ አጠመቀው።

"ቅቤ ነው" አለ።

"ቅቤ?"

"ቅቤና ማበጠሪያ።"

ነርሷ ወንበሯን ወደ እኔ ሳበችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "እህቴ፣ እሱ ውጭ ይጠብቅ?" አለችኝ። ከመሳቄ የተነሣ መልስ መስጠት አቃተኝ፤ ሳቄን ደግሞ ልቅሶ መሰላት። የአከራዬን እጅ፣ የጎመኑን ነገር፣ ሁሉንም ዘርዝሬ ካስረዳኋት በኋላ ነው ባለቤቴ ነጻ የወጣው። እሷም አንድ በአንድ ጠየቀችኝ። ትኩሳት አለሽ ወይ፣ ቀልቷል ወይ፣ ከጫፉ ደም ወጥቶ ያውቃል ወይ፣ ቆዳው ወደ ውስጥ ገብቷል ወይ፣ በቤተሰብ የታመመ አለ ወይ። ብብቴን ዳሰሰች። ሌላኛውንም ጡቴን እንዲሁ አየች፤ እኔ እሱን ረስቼው ነበር።

"ማሸቱ ይቁም" አለች። "እንዲህ ሲታሽ ይጎዳል እንጂ አይለቅም። ማጥባትሽን ግን እንዳታቆሚ፣ በሁለቱም በኩል። የረጋ ወተት ሊሆን ይችላል፤ ከሆነ በቀናት ውስጥ ይቀንሳል። ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ግን ወተት ነው ብለሽ ቤትሽ አትቀመጪ። ተመልሰሽ ትመጫለሽ፣ አልትራሳውንድ እናዝልሻለን።"

ሁለት ሳምንት ጠበቅኩ። ያን ጊዜ ነው በእውነት የፈራሁት። ቀን ቀን ከደንበኞች ጋር እቀልዳለሁ፤ ናታን ሲጠባ ግን ያቺ ነገር ከጉንጩ አጠገብ እንዳለች አውቃለሁ፣ እሱ ደግሞ በትንሿ እጁ ይደበድባታል። ቆይቶ ያስታውሰኝ ይሆን እያልኩ ፊቱን አየዋለሁ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ሎሚዋም አልሄደችም።

ወደ ትልቁ ሆስፒታል ተላክሁ። ሐኪሙ ወንድ ከሆነ ምን አባቴ እሆናለሁ እያልኩ በሩን ስከፍት ነጭ ጋውን የለበሰች ሴት ጀርባዋን ሰጥታ እጇን ትታጠባለች። ፊቷን ሳላይ አወቅኋት። ጠባብ ትከሻ፣ ረጅም ወገብ፣ ለመስከረም ሁለት ቀሚስ ሰፍቼላታለሁ። ዶክተር መሆኗን ግን አላውቅም ነበር፤ ሜትር ይህን አይናገርም።

"ያ ሰማያዊው ጠበበሽ እንዴ?" ብዬ ጠየቅኋት፣ ከሰላምታ በፊት።

"ደኅና ነው" አለች ሳቅ ብላ። "ዛሬ ግን የምለካው እኔ ነኝ።"

ለአልትራሳውንዱ ጡቱ ባዶ ሲሆን በደንብ ይታያል፣ ልጁን አጥብተሽ ነይ ተባልኩ። ናታን ደግሞ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀን ላይ እንቅልፍ ወስዶታል። ሌሊቱን ሙሉ ሲያስነሣኝ የሚያድር ልጅ፣ ያን ዕለት እንደ ጆንያ ከበደ። ወረፋ የያዙ ሴቶች ሁሉ ተረባረቡ። አንዷ እግሩን ኮረኮረች፣ ሌላዋ ዘፈነችለት፣ ከሊሙ የመጡ አንዲት እናት ጆሮው ላይ እፍ አሉበት። ባለቤቴ ቀስ ብሎ ጎንበስ አለና "ሸቤ፣ ሸቤ" አለው። ናታን ዓይኑን ከፈተ። ጠባ።

ክፍሉ ውስጥ ቀዝቃዛ ቅባት ደረቴ ላይ አፈሰሱ። ዶክተሯ መሣሪያውን እያንሸራተተች ስክሪኑን አሳየችኝ፤ ክብ፣ ጥቁር፣ ጠርዙ ለስላሳ የሆነ ነገር። "ውስጡ ፈሳሽ ይመስላል" አለች። "በመርፌ እንየው።" ቦታውን አጽድታ ቀጭን መርፌ አስገባች። ዓይኔን ጨፍኜ ስጠብቅ "ክፈቺ፣ እዪው" አለችኝ። ሲሪንጁ ውስጥ ወፍራም ነጭ ወተት ነበር። የሎሚዋ ቦታ በእጄ ሲዳሰስ ባዶ ሆኗል።

"ወተት ነው" አለች።

መሳቅም ማልቀስም ዳዳኝ። "ሃጂያም ይህንኑ ነበር ያሉኝ። ሰፈሩ ሁሉ ይህንኑ ነው ያለኝ። አክስቶቹ ሁሉ።"

"እነሱ ገመቱ፣ እኛ አየን" አለች መርፌዋን እያስቀመጠች። "የሚበዛው እንዳንቺው ደኅና ነገር ነው። ግን ወጣት ናት፣ ነፍሰ ጡር ናት፣ አራስ ናት እየተባለ ሳይታይ የሚቆየው ነው የሚያስቸግረን። እንደገና ከሞላ ትመጫለሽ፤ ባይሞላም ለክትትል ትመጫለሽ።"

በር ላይ ባለቤቴ ፊቴን አይቶ ገባው። "የምሳ ዕቃው ደኅና ነው?" አለኝ። ደኅና ነው አልኩት።

እዚህ ላይ ባበቃ ለሁላችንም በቀለለ። ግን እኔ አፍ አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሱቄ የመጣች ሴት ሁሉ ስትለካ ታሪኬን ሳትሰማ አትወጣም። መርፌውን አገንነዋለሁ፣ ጎመኑን እጨምርበታለሁ፣ የባለቤቴን "ቅቤ ነው" እየደጋገምኩ አሳስቃቸዋለሁ። አንድ ቀን ነጃት መጣች፣ የሃጂያ ልጅ ሚስት። ቤታችን ግድግዳ ለግድግዳ ሆኖ ሳለ ሱቅ ድረስ መምጣቷ ገርሞኝ ነበር። የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ ባሏ ቡና ሊሰበስብ አጋሮ ከርሟል። ሰፊ ቀሚስ የሚሆን ጨርቅ ይዛለች። ከዚህ በፊት ያረገዘቻቸው ስለወረዱባት፣ በዚህኛው እርግዝናዋ፣ እንኳን እኛ የግቢው ድመትም በእርጋታ እንድትራመድላት የምንመኝላት ልጅ ናት።

ስለካት እንደ ልማዴ መርፌ ቁልፎቼን በከንፈሬ ይዤ ነበር። እንዲህ ስይዝ ብቻ ነው ዝም የምለው።

"የናታን እናት" አለችኝ፣ "ያንቺ ሲነኩት ይሸሽ ነበር አይደል?"

ራሴን ነቀነቅሁ።

"የእኔ አይሸሽም።"

መርፌዎቹን አንድ በአንድ ከአፌ አወጣሁ። "ከመቼ ጀምሮ?"

"ከማርገዜ በፊት። ትንሽ ነበር። ሳረግዝ ሁሉ ነገሬ ሲያብጥ እሱም አብሮ ያበጠ መሰለኝ። ክትትል ስሄድ ሆዴን ያዩኛል፤ ስለዚህ ግን አልነገርኳቸውም።"

"ለምን?"

"ልጁን ወይ ራስሽን ምረጪ ይሉኛል ብዬ።"

እጄን ያዘችና ራሷ ወሰደችው። የእኔን ብዙ ቀን ስነካ ስለከረምኩ ልዩነቱ ወዲያው ገባኝ። ጠንካራ ነው፣ ጠርዙ ያልተስተካከለ፣ ከሥጋዋ ጋር የተሰፋ ያህል ንቅንቅ የማይል። ስንት ቀን ሙሉ ስለፈልፍ የከረምኩት ሴት፣ "ጨርቁ ቆንጆ ነው" አልኳት። ከዚያ መስኮቱን ዘጋሁና ሱቁን ቆልፌ አብሬያት ወደ ቤት ሄድኩ።

አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ ነጃት ዛሬ በሕይወት አለች፤ ሕክምናዋን ጨርሳ በየጊዜው እየታየች ነው፣ እስካሁንም የሚነግሯት ደግ ደጉን ነው። ይህን ይዛችሁ ቀሪውን ስሙኝ።

ለሃጂያ መንገሩ በእኔ ላይ ወደቀ። ነጃት በር ላይ ቀረች። እኔ ሃጂያ ፊት ተቀምጬ "ነጃት ደረቷን…" ብዬ ጀመርኩና ቆምኩ።

"ታስላለች?" አሉኝ ሃጂያ።

በዚያች ደቂቃ ባለቤቴን ይቅር አልኩት። ምላሴን እንደ ምንም አላቅቄ በትክክል ነገርኳቸው። ቅቤ ይቀልጣል ብዬ ጠብቄ ነበር። ተነሥተው እጃቸውን በደንብ ታጠቡ፤ ግን ነጃትን አልነኳትም። "እጄን በዚህ ላይ አልጨምርም" አሉ። "ሻሼን አቀብዪኝ፤ ያቺ ያንቺ ዶክተር ጋ እንሂድ።"

ዶክተሯ ነጃትን፣ ነርሷ እኔን እንደጠየቀችኝ፣ አንድ በአንድ ጠየቀቻት። አልትራሳውንዱ ፅንሱን አይጎዳም፣ ናሙናውም ቦታው ደንዝዞ ነው የሚወሰደው፣ እርግዝና ምርመራ አያስቆምም አለቻት። ስክሪኑ ላይ የታየው እንደ እኔው ክብና ለስላሳ አልነበረም። ውጤቱን ስንጠብቅ ሃጂያ ሰላት ላይ ይረዝማሉ፤ እኔም በእኛ በኩል እጸልያለሁ፤ በጓሮ በር ስንገናኝ ስለ ሽንኩርት እናወራለን።

ካንሰር ነበር። ነጃት ሲነገራት ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ "የቱን ነው የምመርጠው?" አለች።

"ምረጪ አልልሽም" አለች ዶክተሯ። "ሁለታችሁንም ይዘን ነው የምንሄደው። ቀዶ ሕክምናው በእርግዝና ይሠራል። መድኃኒቱም አሁን ባለሽበት ወር ሊሰጥ የሚችል አለ፤ የማኅፀን ሐኪሞቹም አብረውን ይሆናሉ። ቀደም ብለሽ ብትመጪ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን መጥተሻል።"

ቀኝ ጡቷ ወጣ። ሃጂያ ከአልጋዋ ሥር ምንጣፍ አንጥፈው ሰነበቱ፤ አስታማሚ አይፈቀድም ሲሏቸው ጆሯቸው አማርኛ መስማት ያቆማል፣ በኦሮምኛ ሲነግሯቸው ደግሞ በዓረብኛ ቁርኣን መቅራት ይጀምራሉ። ባሏ ቡናውን ለወንድሙ ጥሎ መጣ። እኔ ከፊት የሚከፈት ቀሚስ ሰፋሁላት። ባለቤቴ ምግብ በሚኒባስ ሲያመላልስ ከረመ። አንድ ቀን ከሸቤ የተሳፈረች ነፍሰ ጡር ከጓደኛዋ ጋር ስለ እብጠት ስታንሾካሹክ ሰማና፣ መሪውን ይዞ ፊቱን ሳያዞር "ጡት ላይ ያበጠ ነገር ወተት ነው ተብሎ አይተውም፣ እህቴ" አለ። ማታ ሲነግረኝ ራሱም አላመነም። አሁን ደግሞ ዝም በል የምለው እኔ ሆኛለሁ።

ነጃት ወለደች። ሴት ልጅ፣ ትንሽዬ፣ ጩኸቷ ግን የትልቅ ሰው። ረህማ አሏት። መድኃኒቱ ገና ስላላለቀ ነጃት እንዳታጠባ ተነግሯታል። የዱቄት ወተት ተበጠበጠ፤ ረህማ ጡጦውን ትይዛለች፣ ፊቷን ታጨማድዳለች፣ ትተፋዋለች። ሰውነቷ አልጨምር አለ። አንድ ከሰዓት ሃጂያ ልጅቷን ታቅፈው በራችን ላይ ቆሙ። ግቡ ስላቸው አልገቡም።

"የናታን እናት፣ አንድ ነገር ልለምንሽ ነው የመጣሁት። እምቢ ብትይኝም አልቀየምሽም።"

ኢንተላ ኮ አላሉኝም። እንደ ባዕድ በወግ ሊጠይቁኝ መፈለጋቸው ገባኝ። ናታን ያኔ መራመድ ጀምሯል፣ ጡት ግን አልተወም።

በማግሥቱ ነርሷ ዘንድ ሄድን፤ ያችው ቆፍጣና። የሌላ ሰው ልጅ ከመጥባቱ በፊት ደምሽ ይታይ አለች፤ ሰጠሁ፣ ሁሉም ንጹሕ ነው ተባለ። ተመልሰን ትልቁ ቤት ገባን። ነጃት ፀጉሯ ባለቀ ራሷ ላይ ሻሽ ጠምጥማ ፍራሹ ላይ ተደግፋለች። አጠገቧ ተቀመጥኩና ረህማን ወደ ግራ ጎኔ አስጠጋኋት። ለአፍታ አፏ ፈለገ፣ አገኘና ያዘ። ቤቱ ውስጥ የጉሮሮዋ ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር። ናታን መጣና ይህን አይቶ ቆመ፤ የተቀማ ሰው ፊት ነበር ፊቱ። በሌላው በኩል ጭኔ ላይ ወጣና ድርሻውን ያዘ። ባለቤቴና የነጃት ባል ሁለቱም የግድግዳውን ሰዓት ሲመረምሩ ነበር።

ረህማ ጠግባ ስትለቅ ሃጂያ ተቀበሉኝና ሁላችንንም በየተራ አዩን። "እንግዲህ ስሙ" አሉ። "አንድ ጡት ጠብተዋል። በሃይማኖታችን ከዛሬ ጀምሮ ናታንና ረህማ ወንድምና እህት ናቸው። አይጋቡም።"

ባለቤቴ ዓይኑን ከሰዓቱ ላይ አነሣ፤ ጉሮሮውን ጠረገ፤ "ሃጂያ፣ እኛም ገና ሽማግሌ አልላክንም" አላቸው።

ነጃት የደረቷን ስፌት በመዳፏ ደግፋ ሳቀች፤ ከታመመች ወዲህ ስትስቅ ስሰማት ያን ቀን ነው። "እኔ ግን ሳስብበት ነበር" አለች።